ቫቪሎቭ፣ የምስር ዋግና የሳራቶቭ እስር ቤት

በጾም ወራት ማሪዬታ ያለው የአጎቴ ቤት ምስር ወጥ አይጠፋበትም። ከወላጆቻችን ርቀን የምንማር የዘመድ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንሰበሰባለን፤ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ምስር ይለቀማል፣ ወሬ ይወራል። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ቀን የምስሩን ከረጢት ሳገላብጥ ካናዳ የተመረተ መሆኑን አነበብኩና የእኛ አገር ምስር የት ገባ ብዬ ለቀልድ ጠየቅሁ። አጎቴ ያደገው ጊምቢቹ ወረዳ፣ ጨፌ ዶንሳ አካባቢ ነው። ቀልዱን ትቶ የ1990 ዓ.ም. መኸርን አነሳ። ያን ዓመት ዝናቡ በጊዜው አልወጣም፤ ጥቅምትና ኅዳርም ዘነበ። ምስሩ አምሮ አብቦ ሳለ ቅጠሉ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማሳው በሙሉ እሳት የበላው መሰለ። ማሳውን አቋርጦ የወጣ ሰው ሱሪው እስከ ጉልበቱ የዛገ ብረት የነካው ይመስል እንደነበር አጫወተኝ። ከአያቴ ማሳ ለዘር የሚሆን እንኳ አልተገኘም።

በሽታው ዋግ ነው። የስንዴ ዋግ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ምስርም የራሱ ዋግ እንዳለው ግን አላውቅም ነበር። የባዮሎጂ ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ስለ ምስር ዝርያዎች የሚያትቱት ጽሑፎች ዞረው ዞረው እ.ኤ.አ. በ1930 ሌኒንግራድ ወደታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ይመራሉ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ የዓለምን ምስር ፍሬው ትልቅና ፍሬው ትንሽ ብሎ ይከፍላል፤ ፍሬያቸው ትንሽ ከሆኑት ውስጥ አንዱን ምድብ በኢትዮጵያ ስም ይጠራዋል። ጸሐፊዋ ኤሌና ባሩሊና ትባላለች። ባሏ ማን እንደነበረ ሳነብ ደግሞ ለዚህ መጽሔት የምጽፍለትን ሰው አገኘሁ፤ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ። ስሙን በዘረመል ትምህርት ላይ በአንድ መስመር አልፈነው ነበር። በአንድ መስመር የሚታለፍ ሰው አይደለም።

ቫቪሎቭ ኖቬምበር 25 ቀን 1887 ሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ተነስቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ፤ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ። ኒኮላይ በ1906 የሞስኮ ግብርና ተቋም ገባ። የመመረቂያ ሥራው የክረምት ሰብል በሚያጠፉ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ላይ ነበር፤ ዓለምን ያዞረ ሰው የጀመረው ከቤቱ አጠገብ ካለው ማሳ መሆኑ ደስ ይለኛል። ከዚያ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ ያቼቭስኪ ከሚባለው የፈንገስ ሊቅ ዘንድ ሠራ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እዚያ ዘረመል የሚለውን የሳይንስ ዘርፍ ስም ካወጣለት ከዊልያም ቤትሰን ተማረ፤ ካምብሪጅ ደግሞ ሮውላንድ ቢፈን ነበር። ቢፈን በ1905 አንድ ትልቅ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ስንዴ ቢጫ ዋግን የመቋቋሙ ነገር ልክ እንደ አተር አበባ ቀለም ከወላጅ ወደ ልጅ በሜንደል ሕግ እንደሚተላለፍ። ይህ ማለት በሽታን የሚቋቋም ተክል ማዳቀል ይቻላል ማለት ነው። ወጣቱ ሩሲያዊ ሕይወቱን ሙሉ ይህን ሐሳብ ተሸክሞ ዞረ።

በ1916፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደ ሳለ፣ ሰሜን ፋርስ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች እንጀራቸውን በልተው እንደሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ይታመሙ ጀመር። ምክንያቱን እንዲያጣራ ቫቪሎቭ ተላከ። ዱቄቱ የተፈጨበት የአካባቢው ስንዴ እንክርዳድ የበዛበት ሆኖ አገኘው፤ እንክርዳዱ ደግሞ በውስጡ ፈንገስ ይዟል። እንክርዳድ እንደሚያሰክር የእኛ አገር ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ከጨፌ ዶንሳ አንዲት ሴት ቢጠይቁ ኖሮ ጉዞው ባጠረ ነበር ብዬ ሳቅሁ። ቫቪሎቭ ግን መልሱን ሰጥቶ አልተመለሰም። በዚያው አጋጣሚ የፋርስንና የፓሚርን ተራሮች እየዞረ ዘር ሰበሰበ። የዕድሜ ልክ ልማዱ እዚያ ተጀመረ።

በቀጣዩ ዓመት ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆነ። የከተማዋን ስም ያዙልኝ። እዚያ ሳለ በ1919 ተክሎች ተላላፊ በሽታን እንዴት እንደሚቋቋሙ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መጽሐፉ ምን እንደያዘ ለመናገር ግን መጀመሪያ ዋግ ምስርን እንዴት እንደሚይዝ ማስረዳት አለብኝ፤ ሳይንስ የማይወድ አንባቢ ለአንድ ደቂቃ ይታገሠኝ።

የዋግ ብናኝ በዓይን የማይታይ ነው፤ ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ ያደርሰዋል። ደረቅ ቅጠል ላይ ቢያርፍ ምንም አያደርግም። ጤዛ ወይም ካፊያ ቅጠሉን ለሰዓታት ካራሰውና አየሩ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተጠጋ ግን ብናኙ ይበቅላል። እንደ ክር የቀጠነ ቱቦ ያወጣና የቅጠሉን ገጽ እየዳሰሰ ይሄዳል። የሚፈልገው በር ነው። ቅጠል አየር የሚያስገባባቸው ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ቱቦው አንዱ ላይ ሲደርስ ጫፉ ያብጥና ቀዳዳው ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሰተት ብሎ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ በሕዋሳቱ መካከል ክሮቹን ይዘረጋል። አሁን የሚያስደንቀው ነገር ይመጣል። ፈንገሱ የሕዋሱን ግድግዳ ይበሳል፤ ከግድግዳው ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ግን አይቀድም። በተነፋ ፊኛ ላይ ጡጫህን ስትጫን ፊኛው ሳይፈነዳ እጅህን እንደሚያለብሰው ዓይነት ነው። በዚያ ጡጫ መሰል አካሉ ስኳርና አሚኖ አሲድ ይመጥጣል። በ2001 የጀርመን ተመራማሪዎች ስኳሩን የሚያስገባለትን ፕሮቲን በዚሁ የባቄላና የምስር ዋግ ላይ አግኝተውታል። ተክሉ አልሞተም፤ ዋግ በሞተ ሕዋስ መኖር አይችልም። ሌባው ባለቤቱ ነቅቶ እንዲሠራለት የሚፈልግ ሌባ ነው። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ የቅጠሉ ቆዳ ይፈነዳና አዲስ ብናኝ በሺዎች ይወጣል። የአጎቴን ሱሪ ያቀለመው ይህ ነው።

የሚቋቋመው ተክልስ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው የሚገምተው ቅጠሉ ወፍራም ነው ወይም ሰም ለብሷል ብሎ ነው። ከቫቪሎቭ በፊት አውስትራሊያ የነበረው ናታን ኮብም እንደዚያ ብሎ ነበር። ቫቪሎቭ ግን ዋናው ውጊያ ከበሩ ውጭ ሳይሆን ከበሩ ውስጥ ነው አለ። በእርግጥም የሚቋቋም ተክል ላይ ፈንገሱ ብዙ ጊዜ ይገባል። ሲገባ ግን የተነካው ሕዋስ ወራሪውን ያውቀውና ራሱን ይገድላል፤ ጎረቤቶቹም ይከተሉታል። በቅጠሉ ላይ ትንሽ የሞተ ነጥብ ይቀራል፣ ዋጉም በሬሳ መሃል ተርቦ ይሞታል። ጥቂት ሕዋሳት ሞተው ተክሉ ይድናል።

ይህ ብልሃት ለሁሉም በሽታ አይሠራም። አስኮካይታ የሚባለው የምስር አድራቂ በሽታ ሕዋስን ገድሎ የሚበላ ስለሆነ ራሱን የሚገድል ተክል ማዕድ አቀረበለት ማለት ነው። ፉዛሪየም ደግሞ ከአፈር ተነስቶ በሥር ይገባና የውኃ መተላለፊያ ቧንቧዎችን ይዘጋል፤ ማሳው ውኃ ጠጥቶ ሳለ ምስሩ በጥም ይጠወልጋል። ለእነዚህ ተክሉ ሌላ መከላከያ ያስፈልገዋል።

ቫቪሎቭ በመቶዎች የሚቆጠሩ የስንዴና የአጃ ዝርያዎችን ጎን ለጎን ዘርቶ ዋግና አመዳይ እየለቀቀባቸው ማን ወደቀ ማን ቆመ ብሎ መዘገበ። ከዚያ ያወጣው ሕግ በቀላሉ እንዲህ ነው፤ ጥገኛው ፈንገስ በአስተናጋጁ ላይ መራጭ በሆነ ቁጥር ከዚያው ሰብል ውስጥ የሚቋቋም ዝርያ የማግኘት ዕድል ይሰፋል። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ በሽታ ላይ የሚቋቋም ዝርያ መፈለግ አስቸጋሪ ነው። ዋግ ደግሞ እጅግ መራጭ ነው። ስለዚህ ለዋግ መድኃኒቱ ከየአገሩ ገበሬ ጎተራ ውስጥ አለ፤ መሄድና መፈለግ ብቻ ነው የሚቀረው። የቫቪሎቭ የአምስት አህጉር ጉዞ መነሻው ከረሃብ ስጋት በተጨማሪ ይህ እምነት ነበር።

አንድ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ገና አልታየም ነበር። ፈንገሱም ይለወጣል። የስንዴ ግንድ ዋግ ብዙ ዘር እንዳለው ስታክማን ሚኒሶታ ውስጥ ማሳየት የጀመረው በእነዚያው ዓመታት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2010 ኩብሳ የሚባለውን ተወዳጅ ስንዴ ቢጫ ዋግ ጣለው። በቦታው ዲጋሉ ተዘራ፤ እሱንም በ2013 እና በ2014 ባሌ ላይ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ፈጀው። አንድ የሚቋቋም ዝርያ አግኝቶ ማረፍ የለም።

ቫቪሎቭ በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ተዛውሮ የተግባራዊ ዕፅዋት ቢሮን ተረከበ። ከሳራቶቭ ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ተከተሉት፤ ኤሌና ባሩሊና አንዷ ናት። ከተማዋ ተርባለች፣ ቢሮው ማገዶ እንኳ አልነበረውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ትልቁ የዘር ስብስብ አደረገው። በ1924 አፍጋኒስታንን ዞረ። በ1926 የሰብሎች መገኛ ማዕከላት የሚለውን ሥራውን አሳተመ፣ በዚያው ዓመት ከባሩሊና ጋር ተጋባ፣ በዓመቱ ማብቂያ ደግሞ ጂቡቲ ወረደ።

ወደ ኢትዮጵያ መግባት ለሶቪየት ዜጋ ቀላል አልነበረም፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበረም። ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፣ አልጋ ወራሹና እንደራሴው ራስ ተፈሪ ናቸው። ራስ ተፈሪ እንግዳውን ተቀብለው የጉዞ ፈቃድ ሰጡት። ቫቪሎቭ በኋላ በጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ውስጥ ራስ ተፈሪ ለብቻው ጠርተው ስለ ሩሲያ አብዮት በጥሞና እንደጠየቁት ይተርካል። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። አንዱ በአብዮት መንግሥት እስር ቤት በ1943 ሞተ፤ ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ አብዮት እጅ ወደቁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ይህን አያውቁም።

ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎንደርን አልፎ፣ አክሱም ደርሶ በአስመራ በኩል ወጣ። ሽፍቶች መንገድ ላይ ሲገጥሙት የያዘውን ብራንዲ አስጠጥቶ ሲያንቀላፉ እንዳመለጠ ይናገራል፤ የመንገደኛ ወሬ ትንሽ ማጋነን አያጣውም፣ ደስ ስለሚል ግን ልተወው አልቻልኩም። በየደረሰበት ገበያ ወጥቶ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ኑግ፣ ሽምብራ፣ ምስር እየገዛ በፖስታ ወደ ሌኒንግራድ ላከ። አክሱም አካባቢ ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ አገኘ። በ1920 ባወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ስንዴ የሆነ ቦታ መኖር አለበት ብሎ ያምን ነበርና ደስታው ትልቅ ነበር። በአነስተኛ መሬት ላይ ያን ያህል የሰብል ዓይነት ማየቱ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ማዕከላት አንዷ አድርጎ እንዲመዘግባት አደረገው።

ስለ ምስር ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ትንሽ ይለያል። የምስር የመጀመሪያ ቤት መካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በጥንት ዘመን ነው። ግን ደጋው ላይ በጥቁር አፈር፣ ከክረምቱ መጨረሻ ዝናብ በኋላ በቀረው እርጥበት እየበቀለ ለሺህ ዓመታት ኖሯል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዋጉም አብሮት ኖሯል። በዋግ ዓመት የተረፈችውን የዘራት ገበሬዋ ናት። ባሩሊና ሌኒንግራድ ተቀምጣ የባሏንና የባልደረቦቹን ከረጢቶች እየፈታች፣ ፍሬውን እየለካች፣ የአበባውን ቀለም እየጻፈች የኢትዮጵያን ምስር ለብቻው ስትመድብ ያየችው ይህን የገበሬ ሥራ ነው። በጓደኞቼ መካከል ይህ ወሬ ሲነሳ ሰውየው ዘራችንን ወስዶ ሄደ የሚሉ አሉ። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም፤ በጤፍ የደረሰብንን ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔ ግን ቫቪሎቭ ዘሩን የሚፈልገው ለሽያጭ እንዳልነበረ አያለሁ። የራሳችን የዘር ባንክ የተቋቋመው በ1976 ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ከድርቅና ከጦርነት የዘር ሀብታችንን ያዳኑበት ሥራ፣ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያስገኘላቸው፣ የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው።

የጊምቢቹ ነገር እንዴት እንደተቋጨም ልናገር። ከዚያ ከተቃጠለው መኸር ጋር በተቀራረበ ጊዜ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አለማያ የሚባል ምስር አወጣ። ዘሩ የመጣው ሶሪያ፣ አሌፖ አጠገብ ከነበረው ኢካርዳ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ሲሆን ፍሊፕ 89-63ኤል በሚል ቁጥር ይታወቅ ነበር። ዋግን ይቋቋማል። ጊምቢቹ ላይ ተስፋፋ፤ አያቴም ከዘሩት ገበሬዎች አንዱ ነበሩ። የኢካርዳ የዘር ስብስብ ቆይቶ የሶሪያ ጦርነት መሃል ገባ፤ ሠራተኞቹ ግን ቅጂውን ቀደም ብለው ኖርዌይ ስቫልባርድ በረዶ ውስጥ ወዳለው ጎተራ ልከው ነበር። በ2015 ከዚያ ጎተራ የመጀመሪያውን ዘር ያወጡት እነሱ ናቸው፤ ሊባኖስና ሞሮኮ ላይ እንደገና ዘሩት።

ወደ ቫቪሎቭ ልመለስ፤ የቀረው የሚከብደው ክፍል ነው። በሠላሳዎቹ ዓመታት ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የግብርና ባለሙያ ተነሳ። የሜንደልን ዘረመል የቡርዧ ቅዠት ነው እያለ፣ ተክልን በማቀዝቀዝና በማሠልጠን ባሕርዩን በቶሎ መለወጥ ይቻላል እያለ ለስታሊን የፈጣን ምርት ተስፋ ሰጠ። ቫቪሎቭ የሚቋቋም ዝርያ ማውጣት ዓመታት ይፈጃል ይል ነበር። በተራበ አገር ማን እንደሚደመጥ ግልጽ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ቫቪሎቭ ራሱ ሊሴንኮን ደግፎት ነበር፤ የዋህነቱ ዋጋ አስከፈለው። በ1938 ሊሴንኮ የግብርና ሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ያን ወንበር በመጀመሪያ የያዘው ቫቪሎቭ ነበር። በ1939 ኤደንብራ የተሰበሰበው የዓለም የዘረመል ጉባኤ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠው፤ መንግሥቱ ግን ከአገር አላስወጣውም።

ኦገስት 6 ቀን 1940 ምዕራብ ዩክሬን፣ ቼርኒቭትሲ አካባቢ ዘር እየሰበሰበ ሳለ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ባልደረቦቹ በቀረው ቦርሳው ውስጥ ያገኙት ያን ቀን የለቀመውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ነበር። ወራት የፈጀ ምርመራ ተደረገበት። ለእንግሊዝ ሰልሏል፣ ግብርናን አበላሽቷል ተባለ። በጁላይ 1941 ፍርድ ቤቱ በጥቂት ደቂቃ ችሎት ሞት ፈረደበት። በዚያው መጸው ጀርመኖች ወደ ሞስኮ ሲቃረቡ እስረኞቹ በባቡር ወደ ምሥራቅ ተወሰዱ። ቫቪሎቭ የደረሰው ሳራቶቭ ነው፤ በወጣትነቱ ያስተማረባት፣ የበሽታ መቋቋም መጽሐፉ የታተመ ጊዜ የነበረባት፣ ባሩሊናን ያገኘባት ከተማ። መስኮት በሌለው ክፍል ከሌሎች ጋር ታስሮ፣ ለክፍል ጓደኞቹ ስለ ዕፅዋት ትምህርት ይሰጥ ነበር። በእስር ሳለ ስለ ዓለም ግብርና ታሪክ የጻፈው ረቂቅ አልተገኘም። በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት፤ ምግቡ ግን አልተለወጠም። ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በረሃብ ተዳክሞ በእስር ቤቱ ሆስፒታል ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ ተከባ ነበር። ተቋሙ ውስጥ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ለውዝ፣ ምስር፣ አተር በቶን ተቀምጧል። ጠባቂዎቹ የቫቪሎቭ ሠራተኞች ናቸው፤ የት እንዳለ አያውቁም። የሩዝ ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች ተከቦ በረሃብ ሞተ። የለውዝ ኃላፊው አሌክሳንደር ሽቹኪን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ሌሎችም አሉ። ዘሩን አልበሉም። ይህን ለአጎቴ ልጆች ስነግራቸው አንዷ ሞኝነት ነው አለች፣ ሌላው ዝም አለ። አጎቴ ግን በሰባ ሰባቱ ድርቅ የዘር እህሉን አስቀምጦ የሞተ ጎረቤት እንደሚያውቅ ተናገረና ወደ ወጡ ተመለሰ።

ወንድሙ ሰርጌይ በ1945 የሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ወንድሙን የገደለው መንግሥት ሾመው፤ ሊሴንኮም በዚያው አካዳሚ አባል ነበር። እንዴት እንደቻለው አላውቅም፤ በ1951 ሞተ።

ባሩሊና ባሏ ሲታሰር ሌኒንግራድ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ በ1928 የተወለደውን ልጇን ዩሪን ይዛ ወደ ትውልድ አካባቢዋ ወደ ሳራቶቭ ሸሸች። ባሏ ሞስኮ እስር ቤት ያለ መስሏት ከእሷና ከልጇ አፍ ቀንሳ የምግብ ጥቅል እያዘጋጀች ወደ ሞስኮ በፖስታ ትልክ ነበር። ጥቅሎቹ ሳራቶቭን ለቀው ይሄዳሉ። ቫቪሎቭ ደግሞ ከእሷ ጥቂት መንገድ ርቆ በዚያችው ከተማ እየተራበ ነው፤ ማንም አልነገራትም። በኦገስት 1955 ፍርዱ ተሽሮ ስሙ ነጻ ወጣ። ባሩሊና በዚያን ጊዜ ታማ ነበር፤ ቢሆንም የባሏን ወረቀቶች ለሕትመት ማሰናዳት ጀመረች። በ1957 ሞተች። የኢትዮጵያን ምስር ለብቻው ያስቀመጠችበት ምደባ ዛሬም በምስር ተመራማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ከስሟ ጋር ይጠቀሳል።